ከሦስቱ ሁለቱን ብቻ፦ የቤዝ ሳጥን ታሪክና የኪስ ነገር

«ካቢኔ» ሲባል የዚህ ቻናል አንባቢ ዓይን ላይ የሚመጣው ረጅም ጠረጴዛ፣ በዙሪያው የተቀመጡ ሚኒስትሮችና የሹም ሽር ዜና ነው። ሙዚቀኛ «ካቢኔት» ሲል ግን ሌላ ነገር ማለቱ ነው፤ ከእንጨት የተሠራ፣ ስፒከር የታሰረበት፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሳው ሳጥን። የቤዝ ጊታር ድምፅ ከአምፕሊፋየሩ ወጥቶ ሰው ጆሮ የሚደርሰው በዚህ ሳጥን በኩል ነው። ሁለቱን ካቢኔዎች የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ፦ ሁሉንም ወገን በአንዴ ማስደሰት አይችሉም።

ስለ ሳጥኑ ዛሬ ማውራት ያስፈለገው በምክንያት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚገባ የሙዚቃ ዕቃ ዋጋም አብሮ ወጣ። ለሠርግ የሚጫወት ባንድ፣ የመዘምራን ቡድን፣ ሰፈር ውስጥ የሚለማመዱ ወጣቶች፣ ሁሉም አንድ ጥያቄ ፊት ቆመዋል፦ ባለችው ትንሽ ገንዘብ የሚደመጥ ቤዝ እንዴት ይገኛል? ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሰባ ዓመት ያለፈው ነው፤ መልስ የሰጡትም በአብዛኛው ገንዘብ ያጠራቸው ሰዎች ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በተለየ ካልተገለጹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 ሠላሳ ፓውንድ የያዘው ልጅ

በ1961 ሐምቡርግ፣ ጀርመን። ከሊቨርፑል የመጡ ወጣቶች በምሽት ክለብ ይጫወታሉ። ቤዝ ተጫዋቻቸው ስቱዋርት ሳትክሊፍ ወደ ሥዕል ትምህርቱ ሊመለስ ቡድኑን ተወ፤ ቤዙም ለፖል ማካርትኒ ደረሰው። ያኔ ሁሉም የሚመኘው አሜሪካ ሠራሹ ፌንደር ዋጋው 100 ፓውንድ ገደማ ነበር። ማካርትኒ ኪስ ውስጥ ያለው ግን የዚያ ሢሶ ነው። ስለዚህ የቫዮሊን ቅርፅ ያለውን ጀርመን ሠራሽ ሆፍነር በ30 ፓውንድ ገደማ ገዛ። ዓለም «የቢትልስ ቤዝ» ብሎ የሚያውቀው መሣሪያ የተመረጠው በዋጋው ነው።

ጊታሩ ተገኘ፤ ሳጥኑስ? ሊቨርፑል ውስጥ «ዘ ቢግ ስሪ» የሚባል ባንድ አባልና የኤሌክትሮኒክስ ነገር የሚገባው አድሪያን ባርበር የሚባል ሙዚቀኛ ነበር። ለማካርትኒ ባለ 15 ኢንች ስፒከር ትልቅ ሳጥን በእጁ ሠራለት። ቅርፁ የሬሳ ሳጥን ስለሚመስል ስሙም «የሬሳ ሳጥን» ሆኖ ቀረ። የሚያንቀሳቅሰው ለቤት ውስጥ ሙዚቃ ማድመጫ የተሠራ 15 ዋት ገደማ ያለው አምፕሊፋየር ነበር። ዛሬ 15 ዋት ሲባል ሰው ይስቃል። ከምድር በታች ላለው ለካቨርን ክለብ ግን በቂ ሆነ።

ይህ ታሪክ ሁለት ነገር ያሳያል። አንደኛ፣ የቤዝ ሳጥን ምሥጢራዊ ዕቃ አይደለም፤ የገባው ሰው በእንጨትና በመጋዝ ሊሠራው ይችላል። ሁለተኛ፣ ትልቅ ሳጥን ከትንሽ ዋት ጋር ሲጣመር ከሚገመተው በላይ ይሰማል። ይህ ሁለተኛው ነገር ብዙ ገዢዎች የሚስቱት ነው።

🔹 ሳጥን ለምን አስፈለገ?

ስፒከር ማለት ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚመታ ወረቀት ነው። ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለውን አየር ይጨምቃል፤ በዚያው ቅጽበት ከኋላው ያለው አየር ይሳሳል። ቀጭን ድምፅ ላይ ይህ ብዙ ችግር የለውም። ወፍራም ድምፅ ላይ ግን የኋላው አየር ዞሮ ከፊቱ ጋር ይገናኝና አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። ሳጥኑ የተፈጠረው ሁለቱን ለመለየት ነው። ሳጥን የሌለው ስፒከር ቤዝ የለውም ማለት ይቻላል።

ይህን ለመረዳት ኢንዱስትሪው ራሱ ጊዜ ፈጅቶበታል። በካሊፎርኒያዋ ፉለርተን ከተማ ሬዲዮ ይጠግን የነበረው ሊዮ ፌንደር በ1951 «ፕሪሲዥን» የተባለውን ቤዝ ጊታር ለገበያ አወጣ። እስከዚያ ድረስ የቤዝ ተጫዋች ሥራ ሰው የሚያህለውን ደብል ቤዝ ተሸክሞ መዞርና በከበሮና በጥሩምባ ድምፅ መዋጥ ነበር። ፌንደር በዓመቱ ለአዲሱ መሣሪያ «ቤዝማን» የሚባል አምፕሊፋየር አስከተለ። መጀመሪያ አንድ ባለ 15 ኢንች ስፒከር ነበረው፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ አራት ባለ 10 ኢንች ተለወጠ፤ ጀርባው ግን ክፍት ነበር። ክፍት ጀርባ ደግሞ፣ ከላይ እንደተባለው፣ ወፍራሙን ድምፅ ያጠፋል።

ውጤቱ አስቂኝ ሆነ። ለቤዝ ተብሎ የተሠራውን ዕቃ የወደዱት የሊድ ጊታር ተጫዋቾች ናቸው። በ1962 ለንደን ውስጥ የሙዚቃ ዕቃ መደብር የነበረው ጂም ማርሻል ከሠራተኞቹ ጋር ሆኖ የዚህኑ ቤዝማን ሰርኪዩት ገልብጦ የራሱን አምፕሊፋየር ሠራ፤ የአሜሪካው ዕቃ ለእንግሊዝ ወጣቶች እጅግ ውድ ነበርና። የሮክ ጊታር ድምፅ የተወለደው በከፊል ከዚህ የዋጋ ችግር ነው። ለገዢ የሚተርፈው ትምህርት ግን አጭር ነው፦ ሳጥን ላይ «ቤዝ» ተብሎ ስለተጻፈ ቤዝ ይወጣዋል ማለት አይደለም።

🔹 የብረቱ ሕግ

የጨዋታው ሕግ በጽሑፍ የሰፈረው በሙዚቀኞች ሳይሆን በድምፅ ማጫወቻ መሐንዲሶች ዘንድ ነው። በ1954 ኤድጋር ቪልቸር የተባለ አሜሪካዊ ከመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ሊቀመጥ የሚችል፣ ግን ጥልቅ ቤዝ የሚያወጣ ዝግ ሳጥን ለገበያ አቀረበ። ሰው ተደነቀ። ሳጥኑ ግን ዋት በላ፤ ትንሽ ድምፅ ለማውጣት ትልቅ አምፕሊፋየር ጠየቀ። ሳሎን ውስጥ ችግር አልነበረም። መድረክ ላይ ቢወጣ ግን ጉድ ነበር።

በዚያው ሙያ ውስጥ የነበረው ጆሴፍ አንቶን ሆፍማን ነገሩን በቀመር አስቀመጠው። ዛሬ «የሆፍማን የብረት ሕግ» ይባላል። ይዘቱ በተራ ቋንቋ ይህ ነው፦ ሳጥን ሦስት መልካም ጠባዮች ሊኖሩት ይችላል፤ ትንሽ መሆን፣ ጥልቅ መሆን፣ ኃይለኛ መሆን። ከሦስቱ ሁለቱን ብቻ ይመርጡታል። ሦስተኛው ይቀራል።

ሕጉ ምሕረት የለውም። አንድ ሳጥን በዚያው ዋት፣ በዚያው ኃይል አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ እንዲጮኽ ከተፈለገ የሳጥኑ ይዘት ስምንት እጥፍ ማደግ አለበት። ሳጥኑ ባለበት ይቆይ ከተባለ ደግሞ ስምንት እጥፍ ዋት ይጠየቃል፤ ያን ሁሉ ዋት ስፒከሩ ከቻለው ማለት ነው። ገንዘብ ይህን ሕግ አይሽረውም። ገንዘብ የሚያደርገው የሚቀረውን ጉዳት ማቅለል ብቻ ነው። ሦስቱንም አገኛለሁ ብሎ የሚገዛ ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ሴት ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ ያለው የቤዝ ሳጥን ታሪክ ሁሉ «ይህ ትውልድ ከሦስቱ የትኛውን ተወ?» በሚል ጥያቄ ሊነበብ ይችላል።

🔹 ኪንግስተን፦ ትንሽነትን የተዉት

ጃማይካ። በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ የኪንግስተን ድሆች ሰፈሮች ነዋሪ የሙሉ ባንድ ጭፈራ መክፈያ ገንዘብ አልነበረውም። መልሱ «ሳውንድ ሲስተም» ሆነ፦ አንድ ሰው ሸክላ ያጫውታል፣ ሰፈሩ በግቢና በጎዳና ላይ ይጨፍራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ አየር ኃይል ውስጥ በራዳር ሙያ የሠለጠነው ሄድሊ ጆንስ ከጦርነቱ ተመልሶ ለእነዚህ አጫዋቾች አምፕሊፋየር ይሠራላቸው ጀመር። ሳጥኖቹ ከልብስ ቁም ሣጥን ስለሚተልቁ «የደስታ ቤት» የሚል ስም ተሰጣቸው።

የጃማይካ ሰው ምርጫ ግልጽ ነበር። ጥልቅ ይሁን፣ ኃይለኛ ይሁን፤ ትንሽ መሆኑ ይቅር። እንጨት ርካሽ ነው፣ ጎዳናው ሰፊ ነው፣ ተሸካሚ ጎረምሳ አይጠፋም። ውድ የሆነው ዋት ነው፤ ዋትን ለመቆጠብ ደግሞ ሳጥንን ማሳደግ ነው። የሆፍማንን ቀመር ሳያነቡ ሕጉን በተግባር አወቁት። ከዚያ ሳጥን ፊት ያደገ ጆሮ ደግሞ ቤዙ ከሁሉ የሚቀድምበትን ሬጌን ወለደ። የቦብ ማርሌይ ባንድ ቤዝ ተጫዋች አስተን «ፋሚሊ ማን» ባሬት ራሱ የመጀመሪያ ቤዙን የሠራው ከኮምፔርሳቶ ነው።

እንግዲህ አንድ የሙዚቃ ስልት በከፊል ከሳጥን መጠን ተወለደ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ድሃው ገንዘብ ስላነሰው የከፋ ድምፅ አልሰማም። ምን መተው እንዳለበት አውቆ የተሻለውን ሰማ።

🔹 ፍሪጁ፦ ጥልቀትን የተዉት

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ኤቨረት ሃል የተባለ ቤዝ ተጫዋች ነበር። በ1940ዎቹ በደብል ቤዝ እግር ውስጥ ማይክሮፎን የሚገጠምበትን ብልሃት አወጣ፤ አምፔግ የተባለው ድርጅት ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። በ1960 ድርጅቱ «ቢ-15» የተባለውን አንድ ባለ 15 ኢንች ስፒከር ሳጥን አወጣ። አምፕሊፋየሩ ተገልብጦ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል፣ ጎማ አለው፣ አንድ ሰው እየገፋ ይወስደዋል። የሞታውኑ ጀምስ ጀመርሰን በክለቦች ሲጫወት የሚታወቀው በዚህ ዓይነቱ ሳጥን ነው። ምርጫው፦ ትንሽና ወፍራም ይሁን፤ ኃይሉ ይቅር። 25 ዋት ገደማ ብቻ ነበረው።

ግን አዳራሾቹ አደጉ። ነሐሴ 15 ቀን 1965 ቢትልስ በኒውዮርኩ ሺያ ስታዲየም 55,600 ሰው ፊት ሲጫወቱ 100 ዋት ገደማ ባላቸው አምፕሊፋየሮች ነበር፤ በጩኸቱ ብዛት ራሳቸውን መስማት አልቻሉም። በ1969 አምፔግ መልሱን ይዞ መጣ፦ 300 ዋት አምፕሊፋየር ከስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከር ሳጥን ጋር። በዚያው ዓመት ሮሊንግ ስቶንስ በአሜሪካ ጉዟቸው ይዘውት ዞሩ። ሙዚቀኞች «ፍሪጅ» አሉት። ቁመቱም ክብደቱም ፍሪጅ ነው፤ ዛሬም የሚሸጠው ዓይነት ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናል።

እዚህ ላይ የሚገርም ነገር አለ። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። ይህ የቤዝ ሳጥኖች ንጉሥ የሚባለው ፍሪጅ ግን በአምራቹ መግለጫ መሠረት ከ58 ኸርዝ በታች ድምፁ መቀነስ ይጀምራል። ማለትም በሮክ ታሪክ እጅግ የተወደደው የቤዝ ሳጥን የቤዝን መሠረታዊ ድምፅ ሙሉ በሙሉ አያወጣም! ጆሮ ግን ከመሠረቱ በላይ ያሉትን ተከታይ ድምፆች ሲሰማ የጎደለውን ራሱ ይሞላል። መሐንዲሶቹ ጥልቀትን ትተው ኃይልን ገዙ፤ አድማጩም አልቀረበትም። «እስከ 30 ኸርዝ ይወርዳል» የሚል ማስታወቂያ የሚያሳድድ ገዢ ይህን ቢያውቅ ብዙ ገንዘብ ይተርፈው ነበር።

ምንም አንተውም ያሉም ነበሩ። በ1974 ግሬትፉል ዴድ የተባለው ባንድ «የድምፅ ግንብ» የሚባል 75 ቶን ገደማ የሚመዝን፣ ከ26 ሺህ ዋት በላይ ያለው የስፒከር ተራራ አቆመ። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር ይባላል። በዚያው ዓመት ተወ፤ ወጪው ባንዱን ሊበላው ደርሶ ነበርና።

🔹 ኮልዌዚና ቤጂንግ

የሳጥን ዋጋ የሚወሰነው በእንጨቱ ብቻ አይደለም። ከስፒከሩ ጀርባ ማግኔት አለ፤ ማግኔት ደግሞ ፖለቲካ ነው።

እስከ 1970ዎቹ ጥሩ ስፒከር የሚሠራው በአሉሚኒየም፣ በኒኬልና በኮባልት ቅይጥ ማግኔት ነበር። የዓለምን ኮባልት ትልቁን ድርሻ የምታወጣው ዛየር፣ የዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ ናት። በግንቦት ወር 1978 ከአንጎላ የተነሡ አማፅያን የሻባ ግዛቷን የማዕድን ከተማ ኮልዌዚን ያዙ፤ የፈረንሳይ ወታደሮች በፓራሹት ወረዱ፣ የቤልጂየም ወታደሮችም ገቡ። የኮባልት ዋጋ በብዙ እጥፍ ናረ። የስፒከር አምራቾችም ብዙም ሳይቆዩ ፊታቸውን ወደ ፌራይት፣ ማለትም ርካሽ ግን ከባድ ወደሆነው የሴራሚክ ማግኔት አዞሩ። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ሳጥኖች ለተጫዋች ወገብ መክበዳቸው የአፍሪካ ጦርነት አሻራም አለበት።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጃፓን ውስጥ ማሳቶ ሳጋዋ፣ በአሜሪካም የጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪዎች ኒዮዲሚየም ማግኔትን ለየብቻቸው ደረሱበት። ትንሽ፣ ቀላል፣ እጅግ ኃይለኛ። ከዓመታት በኋላ የቤዝ ሳጥን ክብደት ሊጋመስ ቻለ። ግን የብርቅዬ ማዕድናትን ገበያ የያዘችው ቻይና በ2010 የውጭ ሽያጭ ኮታዋን ስትቀንስ ዋጋው በ2011 ጣሪያ ነካ፤ አንዳንድ አምራቾች ወደ ከባዱ ፌራይት ተመለሱ። በሚያዝያ 2025 ከአሜሪካ ጋር በነበረው የታሪፍ ግብግብ ቻይና ሰባት ብርቅዬ ማዕድናትና ከእነሱ የሚሠሩ ማግኔቶች ያለ ፈቃድ እንዳይወጡ አደረገች።

ይህ ለገዢ ምን ማለት ነው? ቀላል ሳጥን የሚገዛ ሰው ለተጨማሪ ድምፅ አይከፍልም። የሚከፍለው ለወገቡ ነው። ያ ጥሩ ምክንያት ነው፤ ግን በየሳምንቱ ሳጥን ለሚሸከም ሰው። ከአንድ አዳራሽ ለማይነቃነቅ ሳጥን ኒዮዲሚየም መግዛት ቅንጦት ነው። ሰው ሁሉ ከክብደት ሲሸሽ ከባዱ ያገለገለ ሳጥን ይረክሳል። ክብደት የድሃ ቅናሽ ነው።

🔹 አዲስ አበባ፦ ሳጥኑን የተዉት

የአዲስ አበባም የኤሌክትሪክ ባንድ ዘመን ታሪክ አለው። ማህሙድ አሕመድ በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የቀረፀውን «እሬ መላ መላ»ን የሚሰማ ሰው ዘፈኑን ከሥር የሚሸከመው ቤዙ መሆኑን ይሰማል። የአይቤክስ፣ በኋላም የሮሃ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ጆቫኒ ሪኮ የዚያ ዘመን ሁነኛ ምስክር ናቸው። ከአብዮቱ በኋላ ሰዓት እላፊ የምሽቱን ዓለም አጠበበው፤ ሙዚቃው ወደ ትልልቅ ሆቴሎችና ወደ ካሴት ገባ።

ቀጥሎ ኪቦርድ መጣ። የቤዙን ሥራ ግራ እጅ ወይም የተቀረፀ ፕሮግራም ይሠራው ጀመር። ለዚህ ብዙ ምክንያት ይሰጣል፤ ዘመኑ፣ ጣዕሙ፣ የስቱዲዮው ፍጥነት። ከምክንያቶቹ ውስጥ የኪስ ጉዳይም አለ። አንድ ሰው፣ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ የጋራ ስፒከር፤ የቤዝ አምፕሊፋየር የለ፣ የሚሸከሙት ሳጥን የለ፣ አራተኛ ተከፋይ የለ። ኪንግስተን ትንሽነትን ስትተው፣ ዲትሮይት ኃይልን ስትተው፣ አዲስ አበባ ሳጥኑን ራሱን ተወች። ምርጫው ርካሽ ነበር። ግን ከሳጥኑ ጋር ቤዝ ተጫዋችነት የሚባለው ሙያም ለዓመታት ተመናመነ። ዛሬ በቀጥታ የሚጫወቱ ባንዶች ሲበረክቱ ጥያቄው ተመልሶ የመጣውም ለዚህ ነው።

🔹 ታሪኩ ለገዢ ምን ይላል?

አንደኛ፣ ዋት አይግዙ፣ ድምፅ ይግዙ። የስፒከር መግለጫ ላይ በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚያወጣ ይጻፋል። 94 የሚል ሳጥንና 100 የሚል ሳጥን ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። እውነቱ ግን 100 የሚለው በ100 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ ለማግኘት 94 የሚለው 400 ዋት ይፈልጋል። ዋትን በእጥፍ ማሳደግ የሚጨምረው ሦስት ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ «እጥፍ ሆነ» እንዲል አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ገንዘቡን አምፕሊፋየር ላይ ጨርሶ ለሳጥን የተረፈችውን የሚያወጣ ባንድ ጎማ ሳይኖረው ሞተር የገዛ ሰው ነው።

ሁለተኛ፣ የኢንች ሒሳብ አያታልል። የስፒከር ስፋት የሚያድገው በዲያሜትሩ ካሬ ነው። አንድ ባለ 15 ኢንች 225 ቢሆን፣ አራት ባለ 10 ኢንች 400 ይሆናሉ። «አሥር ኢንች ቤዝ የለውም» የሚለው የገበያ ወሬ ስምንት ባለ 10 ኢንች የያዘውን ፍሪጅ ረስቷል።

ሦስተኛ፣ በሁለት ጊዜ መግዛት ይቻላል። ዛሬ አንድ ባለ 8 ኦም ሳጥን፣ ከዓመት በኋላ ልክ እሱን የሚመስል ሌላ። ሁለቱ ሲያያዙ 4 ኦም ይሆናሉ፤ አብዛኛው ዘመናዊ የቤዝ አምፕሊፋየር ይህን ይችላል፤ ከመሰካት በፊት ግን ጀርባው ላይ ያለውን ማየት ግድ ነው። አምፕሊፋየሩ ሳይለወጥ እስከ 6 ዴሲቤል ሊጨመር ይችላል። መጀመሪያ ባለ 4 ኦም የገዛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ በሩን በራሱ ላይ ዘግቷል።

አራተኛ፣ አየር ከውጭ አያስመጡ። ሳጥን ማለት በአብዛኛው እንጨትና አየር ነው፤ በካርጎ ሲመጣ ግን ሁለቱም ይከፈልባቸዋል። ከውጭ መምጣት ያለበት ስፒከሩ ብቻ ነው፤ ኒዮዲሚየም ከሆነ በሻንጣም ይገባል። ሳጥኑን እዚሁ አናጺ ሊሠራው ይችላል፤ በጥሩ ኮምፔርሳቶ፣ ቺፑድን በመሸሽ፣ መገጣጠሚያው አየር እንዳያፈስ በማጣበቂያ ተጠቅጥቆ። እዚህ ላይ ግን ግምት አይሠራም። አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል በ1961፣ ቀጥሎም ሪቻርድ ስሞል በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሳጥን ይዘትና የአየር ቀዳዳ መጠን ከስፒከሩ ጠባይ እንዴት እንደሚሰላ አሳይተዋል። ስሌቱን የሚሠሩ ፕሮግራሞች ዛሬ በነፃ ይገኛሉ። ስፒከሩ እነዚህ የመለኪያ ቁጥሮች ከሌሉት ለሳጥን ሥራ አይገዛም። ባርበር በ1960ዎቹ በእጁና በጆሮው የሠራውን ዛሬ አንድ ተማሪ በስልኩ አስልቶ ለአናጺ መስጠት ይችላል።

አምስተኛ፣ አንዳንዴ መልሱ አለመግዛት ነው። አዳራሹ ውስጥ ጥሩ የጋራ ስፒከርና ወፍራሙን ድምፅ የሚይዝ ሰብዉፈር ካለ ቤዙ በቀጥታ ወደ ሚክሰር ይገባል፤ ተጫዋቹ ራሱን የሚሰማበት ትንሽ ሳጥን ይበቃዋል። ይህም ምርጫ ነው፤ ኃይልን ትቶ ትንሽነትን መያዝ።

ከመግዛት በፊት ግን ባንዱ ተሰብስቦ አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት። ሳጥኑ የት ይቆማል፣ ማን ይሸከመዋል፣ ስንት ሰው ይሰማዋል? ይህ ከታወቀ ከሦስቱ የትኛው እንደሚተው ራሱ ይታወቃል። ያልተጠየቀ እንደሆነ ግን ምርጫውን የሚያደርገው ሻጩ ነው፤ ሻጭ ደግሞ ሁልጊዜ «ሦስቱም አሉት» ይላል።

ሰባ ዓመት ሙሉ ሦስቱንም ያገኘ የለም። ሠላሳ ፓውንድ የነበረው ልጅ የሚተወውን አውቆ በሬሳ ሳጥን ተጫወተ፤ 75 ቶን ያቆሙት ምንም አንተውም ብለው በዓመቱ አፈረሱ። ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰው ዕድሉ ቢያንስ ይህ ነው፦ መምረጥ እንዳለበት ከሌላው ቀድሞ ያውቃል።

ቸር እንሰንብት!